መምህሩን ማን ይምረጠው?

ከጉቴ እስከ ነቀምቴ፣ ከዚያም ወዲያ፦ የመምህራን ዕውቅና ሲዳሰስ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ነቀምቴ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጉቴን ያልፋል። ጉቴ የዋዩ ቱቃ ወረዳ መቀመጫ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ ነርሱም፣ ነጋዴውም፣ ሹፌሩም፣ የወረዳው ሹምም በልጅነታቸው በአንድ ግቢ ተሰልፈው ባንዲራ የሰቀሉ ሰዎች ናቸው። ያስተማራቸው መምህር ዛሬም በዚያው አስፋልት ዳር ሲያልፍ ወንበር ይለቀቅለታል፤ የሻይ ሒሳቡን ሌላ ሰው ይከፍልለታል። በሰላምታና በአፍ ከሆነ መምህር በወለጋ ክብር አልተነፈገም።

ነገሩ የሚወሳሰበው ክብሩን ሥርዓት ለማስያዝ ሲሞከር ነው። ሰኔ ሲገባ የወላጆች ቀን ይዘጋጃል። ድንኳን ይተከላል፤ ሚኒ ሚዲያው ይጮኻል፤ የዓመቱ ኮከብ መምህር ስም ይጠራል። ሰርተፍኬት ይቀበላል፤ እንደ አቅም ጋቢ ወይም ቡሉኮ ይለብሳል፤ ፎቶ ይነሳል። መልካም ነው። ግን ጭብጨባው ሳያባራ ከኋላ ረድፍ «ለምን እሱ?» የሚል ሹክሹክታ ይሰማል። ሹክሹክታውን ሁሉ በቅናት ማሳበብ አይቻልም። አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደመረጠው፣ በምን እንደተመዘነና ከሽልማቱ በኋላ ምን እንደሚለወጥ ለተሰብሳቢው አልተነገረም።

ይህ ዳሰሳ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዞ የወለጋን ታሪክ፣ የሀገራችንን አሠራርና የሌላውን ዓለም ልምድ ይመለከታል። ከወዲሁ የሚነገር አቋም አለው፤ መምህር ተማሪውን ማነሳሳቱን በትክክል የሚመሰክረው ተማሪው ራሱ ነው፤ እሱም ቢሆን ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። እኛ ግን ይህን ምስክር ጠርተነው አናውቅም።

ወለጋ ያለበት ዕዳ

በምዕራብ ኢትዮጵያ የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ የሚጀምረው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከጥቂት ሰዎች ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ፣ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ ከዚያም ስዊድን ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 ካሳተመ በኋላ በ1904 ወደ ወለጋ መጣ፤ በነቀምቴም በገዢው በኩምሳ ሞረዳ ድጋፍ ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጆችን በገዛ ቋንቋቸው ማስተማሩ ከካህናት ተቃውሞና ክስ አስከትሎበት ነበር። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1931 ድረስ፣ ሥራውን አልተወም።

ከጎኑ አስቴር ጋኖ ነበረች። እሷም ከባርነት ነፃ ወጥታ ምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመው የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጀመሪያ መጽሐፍ የሁለቱ ሥራ ነው። ለመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን የሰበሰበችው፣ ተረትና ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹንና ዘፈኑን ከቃል ወደ ወረቀት ያወረደችው አስቴር ናት። ከዚያም ነቀምቴ ተቀምጣ እንደ ፌበን ሂርጴ ካሉ ባልደረቦቿ ጋር ለዓመታት አስተማረች።

ቦጂ ላይ ደግሞ ከኤርትራ የመጣው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከእነ ኦነሲሞስ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ማስተማር ጀምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1905 በእሳት አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ወደ ደምቢ ዶሎ ሲኬድ የቄስ ጊዳዳ ሶለን ስም ይነሳል። በልጅነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን አጥፍቶበት ሲለምን የኖረ ልጅ በብሬል ማንበብ ተምሮ ሰባኪ፣ አስተማሪና ትምህርት ቤት ተካይ ሆነ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ልጁ ናቸው።

ከእነዚህ ሰዎች ማንም በሕይወት እያለ ኮከብ መምህር አልተባለም። ያከበራቸው የተማሪዎቻቸው ትዝታ ነው። ይሁንና ትዝታም ያዳላል። የኦነሲሞስ ስም በጥናት ተጽፎ፣ በስሙ ተቋም ተሰይሞ ሲኖር፣ አስቴር ለረጅም ጊዜ የምትነሳው «ረዳቱ» እየተባለች ነበር። የመጽሐፉ ግማሽ ባለቤት መሆኗ ጎልቶ የተነገረው ዘግይቶ ነው። ስለ ፌበን የሚታወቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ትዝታ ብቻውን ሲተው ሰባኪውን፣ መጽሐፍ ያሳተመውንና ወንዱን ያስቀድማል፤ ፊደል ያስቆጠረችውን ሴት ወደ ጥግ ይገፋታል። ስለዚህ ምስክርነቱን ሰብስቦ የሚመዘግብ ሥርዓት ያስፈልጋል።

«ከማን ተማርክ?»

ይህን ሥርዓት ከባዶ መፍጠር አይጠበቅብንም። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ የቅኔ ተማሪ ችሎታው የሚለካው በመጀመሪያ በመምህሩ ስም ነው። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ተቀምጦ የተማረ ደቀ መዝሙር ወደ ሌላ ደብር ሲሄድ የሚቀርብለት ጥያቄ «ከማን ተማርክ?» የሚል ነው። መልሱ የመምህሩን፣ የመምህሩን መምህር፣ የዚያንም መምህር ይጠራል። በእስልምና የሊቃውንት ባህልም ኢጃዛ (የማስተማር ፈቃድ) የተቀበለ ደረሳ የሚያስተምረውን ኪታብ ከየትኛው ሼህ እንደተቀበለ፣ ሼሁም ከማን እንደተቀበለ በሰንሰለት ይቆጥራል።

ሁለቱም ወጎች የመምህሩን ስም ከተማሪው ጋር አብረው ያስጉዙታል። የኔታ ሜዳሊያ አያስፈልጋቸውም፤ ተማሪያቸው በተናገረ ቁጥር ስማቸው ይነሳል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ሰንሰለት በጠሰው። ትራንስክሪፕት ላይ የትምህርቱ ዓይነት፣ ውጤቱ፣ ማህተሙና የርዕሰ መምህሩ ፊርማ አለ፤ ፊዚክስን ያስወደደው ሰው ስም የለም። ሐኪሙ ዲፕሎማውን ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ሲሰቅል የዩኒቨርሲቲው ስም ይነበባል፤ ጉቴ ላይ ስምንተኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማረችው መምህርት ግን ከወረቀቱ ውጭ ቀርታለች።

መንግሥት መምህርን ሲያከብር

መንግሥት ጎበዝ መምህር ሲያገኝ ለረጅም ጊዜ ያደረገው ነገር ከክፍል ማውጣት ነው። ወለጋ ቦጂ አካባቢ የተወለዱት አማኑኤል አብርሃም ከጣሊያን ወረራ በፊት የአሰበ ተፈሪ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ በኋላ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆኑ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም ከመምህርነት ወደ አምባሳደርነት የተሻገሩ ናቸው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ከመሩ በኋላ ፓርላማ ገቡ። ለተማረ ሰው እጅግ በተራበች ሀገር ይህ የሚያስወቅስ ውሳኔ አልነበረም። ያስተማረን ትምህርት ግን ጎጂ ነው፤ መምህርነት ጎበዝ ሰው የሚያልፍበት ድልድይ እንጂ የሚቀመጥበት ወንበር አይደለም የሚል።

ይህ አስተሳሰብ ዛሬም መልኩን ቀይሮ አለ። በወረዳ ደረጃ ጥሩ ያስተማረ መምህር ርዕሰ መምህር ይሆናል፤ ከዚያ ሱፐርቫይዘር፤ ከዚያ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይገባል። አበሉም፣ ስልጠናውም፣ ከሹማምንት ጋር መተዋወቁም ያለው እዚያ ነው። ተማሪዎቹ የሚያውቁት ግን ጥሩው ሒሳብ አስተማሪ በመስከረም እንዳልተመለሰ ብቻ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጋር የመጣው የመምህራን የዕድገት መሰላል ይህን ለማረም የታሰበ ነበር። ከጀማሪ መምህር ተነስቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ይወጣል፤ በላዩም ከፍተኛ መሪ መምህር ተጨምሯል። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ክፍል ውስጥ ሆኖ ማደግ ይቻላል ይላል። ችግሩ ያለው በአፈጻጸሙ ነው። የአገልግሎት ዘመንና በየመንፈቁ የሚሞላ የምዘና ቅጽ አንድ ላይ ሲቆጠሩ መሰላሉ ቀስ በቀስ የዕድሜ መቁጠሪያ ይሆናል። ሁሉም ከዘጠና በላይ በሚያገኝበት ምዘና ደግሞ ልዩ የሆነውን መለየት አይቻልም።

በጅምላ የተሰጠ ዕውቅናም አለ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአፋን ኦሮሞ ጭምር በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ለዘመቻው ዓለም አቀፍ ሽልማት ሰጥቷል። ሽልማቱን የተቀበለችው ሀገር ናት፤ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ገበሬ ሲያስተምሩ የነበሩት የገጠር መምህራንና ዘማቾች ግን አብዛኞቹ ስማቸው የትም አልተጻፈም።

ከመንግሥት ውጭ ከተደረጉት ሙከራዎች ጎልቶ የሚታየው በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ነው። መምህርነትን ከሳይንስ፣ ከኪነ ጥበብና ከበጎ አድራጎት እኩል ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ማቆሙ ትልቅ ነገር ነበር። ዕጩን ሕዝብ እንዲጠቁም በር መክፈቱም እንዲሁ። ነገር ግን በዓመት ጥቂት ሰው የሚሸልም ሀገር አቀፍ መድረክ ስሙ የገነነውን፣ ሬዲዮ የጠቀሰውን ይጠቁማል እንጂ ጉቴ ድረስ ዓይኑ አይደርስም። መስከረም 25 የሚውለው የዓለም መምህራን ቀንም ዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ መምህራን ያወጡትን ምክረ ሐሳብ ለማሰብ የተወሰነ ነው። በእኛ ዘንድ ቀኑ አዲሱ የትምህርት ዘመን ገና ከመጀመሩ ጋር ይገጥምና በመግለጫ ያልፋል።

በውጤት መለካት ያለው ጣጣ

«በምን ተለካ?» ለሚለው ጥያቄ በብዛት የሚሰጠው መልስ ውጤት ነው። ስንት ተማሪ አሳለፈ? ቁጥር ነውና አያከራክርም ይባላል። የቅርብ ዓመታት ታሪካችን ግን ቁጥሩ ራሱ ስንት ገመና እንደሚሸፍን አሳይቶናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበር። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ የነበሩበት ዓመት አለ። ኩረጃው ሲዘጋ፣ ከዚያ በፊት «መቶ በመቶ አሳለፍን» ተብሎ የተሸለመው ሁሉ ለምን እንደተሸለመ መጠየቁ አይቀርም።

ኬንያ ላይ የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ፖል ግሌዌ፣ ናውማን ኢሊያስና ማይክል ክሬመር በምዕራብ ኬንያ ገጠር ትምህርት ቤቶች የተሞከረን አንድ ፕሮግራም መረመሩ። የተማሪዎቻቸው ውጤት ከፍ ላለላቸው ትምህርት ቤቶች መምህራን ልብስና የቤት ዕቃን የመሰለ ሽልማት ይሰጥ ነበር። በሚሸለሙበት ፈተና ላይ ውጤት ጨመረ። መምህራኑ ግን ከበፊቱ አብልጠው ክፍል አልገቡም፤ የቤት ሥራም አላበዙም፤ የጨመሩት የፈተና ዝግጅት ክፍለ ጊዜ ነበር። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ጭማሪውም አብሮ ጠፋ። ሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ በካርቲክ ሙራሊዳራንና ቬንካቴሽ ሱንዳራራማን የተጠና ተመሳሳይ ማበረታቻ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ የሒሳብና የቋንቋ ውጤትን በእርግጥ ከፍ አድርጓል። ስለዚህ በውጤት መሸለም ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። የሚሸለመው ግን ፈተና የማሻሻል ሥራ እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል።

ማነሳሳት ሌላ ነገር ነው። ኪራቦ ጃክሰን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን መረጃ ተከትለው የደረሱበት ግኝት ለርዕሳችን ቁልፍ ነው። አንዳንድ መምህራን የፈተና ውጤት ያሻሽላሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ ተማሪው እንዳይቀር፣ እንዳይቀጣ፣ ክፍል እንዳይደግም ያደርጋሉ። ሁለቱ ሁልጊዜ ያው ሰዎች አይደሉም። ተማሪው ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ መውጣቱን ይበልጥ የሚተነብየው ሁለተኛው ዓይነት ችሎታ ነው። በውጤት ብቻ የሚመርጥ ኮሚቴ፣ ልትዳር የነበረችን ልጅ አባቷን ለምኖ ወደ ክፍል የመለሰውን መምህር አያየውም። ልጅቷ 45 በመቶ አምጥታ ይሆናል። ጤና ረዳት ሆና ቤተሰብ ስታስተዳድር ግን ያ መምህር ምን እንዳደረገ ይታወቃል፤ በዚያን ጊዜ የሚጠይቃት የለም።

ዓለም ምን ሞከረ?

በዚህ ዘርፍ ከሁሉ የገነነው የቫርኪ ፋውንዴሽን ሽልማት ነው፤ አንድ ሚሊዮን ዶላር። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሸለሙት ጎረቤታችን ኬንያዊው ፒተር ታቢቺ ናቸው። የፍራንሲስካን ወንድም የሆኑት ታቢቺ ናኩሩ አካባቢ ኬሪኮ በተባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ ከደሞዛቸው አብዛኛውን ለችግረኞች ይሰጡ ነበር። ትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ብቻ እያለው ተማሪዎቻቸው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ውድድር ደረሱ። የታቢቺ ታሪክ ለወለጋ መምህር እንግዳ አይደለም፤ ስድሳ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል፣ ባዶ ላቦራቶሪ፣ ከኪሱ ደብተር የሚገዛ መምህር እዚህም አለ።

ሽልማቱ አንድ ብልህ ደንብ አለው። ገንዘቡ በአንዴ አይሰጥም፤ በዓመታት ተከፋፍሎ ይከፈላል፤ ተሸላሚውም ቢያንስ አምስት ዓመት በማስተማር ሥራ እንዲቆይ ይጠበቃል። እኛ ሾመን ከክፍል ስናወጣ እነሱ ሸልመው ክፍል ውስጥ ያቆያሉ። ድክመቱም ግን ከዚያው ከታላቅነቱ ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያዋ ተሸላሚ አሜሪካዊቷ ናንሲ አትዌል ገንዘቡን ሁሉ ለትምህርት ቤታቸው ሰጡ፤ ወዲያው በቴሌቪዥን ሲጠየቁ ግን ወጣቶች የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህር እንዲሆኑ እንደማይመክሩ ተናገሩ። አንድን ሰው ከፍ አድርጎ ማሳየት የሙያውን ሁኔታ አይለውጠውም ለማለት ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ብሔራዊ የመምህራን ሽልማት ትሰጣለች፤ ቀኑ ፈላስፋው ፕሬዚዳንት ራድሃክሪሽናን የተወለዱበት መስከረም 5 እ.ኤ.አ. ነው። ለዓመታት በየግዛቱ ኮታ ከሦስት መቶ በላይ መምህራን ይሸለሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደንቡ ተለወጠ፤ መምህሩ ራሱን እንዲጠቁም ተፈቀደ፤ ቁጥሩም በብዙ እጥፍ ተቀነሰ። ምክንያቱ ለእኛም የታወቀ ነው፤ ኮታ ባለበት ሽልማት የመሥሪያ ቤት ድርሻ ይሆናል።

ሌላው መንገድ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ወጪውም ትንሽ ነው። በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲና ዊሊያምስ ኮሌጅ ለተማሪዎቻቸው አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ እዚህ እንድትደርስ ያነሳሳህ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ማን ነው? ተማሪው ይጽፋል፤ የተጠቆመው መምህር ዕውቅና ያገኛል። የመረጠው የትምህርት ቢሮ አይደለም፤ ፎቶውን አይቶ የወደደው ዳኛም አይደለም። የየኔታ ሰንሰለት በሌላ ሀገር፣ በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

ይህን ወደ ጉቴ ማምጣት

ነቀምቴ ላይ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲመዘገብ አንድ ገጽ እንዲጽፍ ቢጠየቅ ምን ይጎዳል? የመምህሩ ስም፣ ትምህርት ቤቱ፣ ያደረገው ነገር፤ በአፋን ኦሮሞም፣ በአማርኛም፣ ተማሪው በሚቀለው ቋንቋ። ደብዳቤው ለመምህሩ ይላካል፤ ቅጂው በትምህርት ቤቱ ፋይል ይቀመጣል። አንድ መምህር ከተለያዩ ዓመታት ተማሪዎች በተደጋጋሚ ሲጠራ ኮሚቴው ማንን መመልከት እንዳለበት ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ የኢትዮጵያ እውነታ አለ። ተማሪን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ የጉቴ ልጅ ነቀምቴ ላይቀር ይችላል፤ ጅማ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሊሄድ ይችላል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ቢጠይቅ ደብዳቤዎቹ ወደ ሲዳማና ወደ አርሲ ይበተናሉ፤ የጉቴ መምህር ግን ባዶ እጁን ይቀራል። ሐሳቡ የሚሠራው ዩኒቨርሲቲዎች ተስማምተው ሲለዋወጡ ነው። የተማሪ ምደባው ራሱ እንግዲህ ጥቅም ይኖረዋል፤ ከባሕር ዳር ጉቴ የሚደርስ የምስጋና ደብዳቤ ሌላ ብዙ ነገር ያደርጋል።

ሁለተኛው ክፍተት ከዚህ ይሰፋል። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ከመቶ ጥቂት ነው። ለእነሱ ብቻ ጆሮ ከሰጠን ፈተና በጓሮ በር ተመልሶ መለኪያ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ሰው ዝርዝር ጤና ጣቢያውን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን፣ መናኸሪያውን፣ ገበያውን መጨመር አለበት። በአሜሪካ ሚኒሶታ ያሉትን የወለጋ ልጆችም እንዲሁ፤ ለትምህርት ቤት መጽሐፍና ኮምፒውተር ሲልኩ ያሳደጋቸውን መምህር ስም አብረው ቢልኩ ምንም ወጪ የለውም። የአንደኛ ክፍል መምህርትም የራሷ ዘርፍ ሊኖራት ይገባል። ሰው ያስታወሰውን መምህር ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው የሁለተኛ ደረጃውን ነው፤ ፊደል ያስጨበጠችውን በራሷ ጥያቄ ካልጠሯት ዕጣዋ እንደ ፌበን ይሆናል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ከባዶችም ናቸው። የመጀመሪያው ተማሪ የሚወደው ውጤት የሚያድለውንና የሚያሳስቀውን ነው የሚል ነው። ክፍል ውስጥ ቢጠየቅ እውነት ነው። አምስትና አሥር ዓመት ቆይቶ ሲጠየቅ ግን ፍርዱ ይለወጣል፤ ያኔ ጨካኝ የተባለው «ድገመው» እያለ የመለሰው መምህር ስሙ የሚነሳው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። ትዝታ አለንጋውንም ያሳምረዋል። «ገርፎ ሰው አደረገኝ» ማለት በሀገራችን የተለመደ ምስጋና ነው፤ ተገርፎ ትምህርቱን የተወው ልጅ ግን ደብዳቤ አይጽፍም። ለአንዱ ተማሪ አባት የሆነ መምህር ለሌላዋ ስጋት ሆኖ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። ከሽልማት በፊት የሴት ተማሪዎችን ድምፅ ለብቻው የሚሰማ፣ የቀረበ አቤቱታ ካለ የሚመረምር ሰው መኖር አለበት። ኮሚቴው ከወላጅ፣ ከጡረታ ከወጡ መምህራን፣ ከተማሪ ተወካይ ቢውጣጣ፣ የሚመርጥበትንም ምክንያት በወላጆች ቀን ጮክ ብሎ ቢያነብ፣ የኋላው ረድፍ ሹክሹክታ በአብዛኛው መልስ ያገኛል። «ለታታሪነቱ» የሚል ባዶ ቃል ይቅርና «በሰባት ተማሪዎች ስለ እርሷ ይህ ተጽፏል» ይባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የመምህራኑ የራሳቸው ነው፤ ዕውቅና አይበላም። እውነታቸውን ነው። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. አድማ ሲመታ ከጥያቄዎቹ አንዱ ደሞዝ ነበር፤ ዛሬም የደሞዝና የቤት መሥሪያ ቦታ ጥያቄው አላበቃም። በምዕራብ ኦሮሚያ ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት ደግሞ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መምህራን ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ቡሉኮ ማልበስ ሽንገላ ሊመስል ይችላል። መልሱ ሁለቱን አለማደባለቅ ነው። ኢንዶኔዥያ የመምህራንን መነሻ ደሞዝ በእጥፍ ስታሳድግ የመምህራኑ ኑሮና እርካታ ተሻሽሏል፤ የተማሪዎች ትምህርት ግን በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ለውጥ አላሳየም። ደሞዝ የሚከፈለው የሠራ ሰው በክብር መኖር ስላለበት ነው፤ ሽልማት ስላልሆነ የማንም መምህር ደሞዝ በኮከብነት ሊመዘን አይገባም። በተቃራኒው ደግሞ ሽልማት የደሞዝ ማካካሻ ሲደረግ ሁለቱም ይረክሳሉ።

ሽልማቱ ምን ይሁን?

ለተመረጠችው መምህርት የሚሰጠው ነገር ማስተማሯን የሚያጠነክር ይሁን። በሳምንት የምትይዘው ክፍለ ጊዜ ጥቂት ተቀንሶላት አዲስ የተመደቡ መምህራን ክፍሏ ገብተው እንዲያዩ፣ እሷም የእነሱን እንድታይ ይደረግ። የነቀምቴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩ መምህራንን ለተግባር ልምምድ ሲልክ ወደ እሷ ይላክ። ለክፍሏ የምትመርጠውን መጽሐፍ ወይም የላቦራቶሪ ዕቃ የምትገዛበት በጀት ይኑራት። በዕድገት መሰላሉ ላይ የተማሪ ደብዳቤዎች እንደ ማስረጃ ይቆጠሩላት። ወደ ቢሮ መዛወር የምትፈልግ ከሆነ መብቷ ነው፤ ሽልማት ተብሎ ግን አይሰጣት።

ይህ ሁሉ አዋጅ አያስፈልገውም። ጉቴ ላይ አንድ ርዕሰ መምህርና አንድ የወላጅ መምህር ኅብረት ከሚቀጥለው ሰኔ በፊት ሊጀምሩት ይችላሉ። ከአሥር ዓመት በፊት ስምንተኛ ክፍልን የጨረሱትን ተማሪዎች ዝርዝር ከመዝገብ ቤት ማውጣት፣ ያሉበትን ማፈላለግ፣ በስልክም በደብዳቤም አንድ ጥያቄ መጠየቅ። በአንደኛው ዓመት የሚመጣው መልስ ጥቂት ይሆናል። በአምስተኛው ዓመት ግን ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ ያልነበረው መዝገብ ይኖረዋል፤ የትኛው መምህር ማንን እንዳነሳሳ፣ በተነሳሱት ሰዎች ቃል የተጻፈ። የወለጋ ትምህርት ቤቶች የነቀምቴን ትምህርት ቤት ታሪክ ለማወቅ የስዊድን ሚሲዮን መዝገብ ማገላበጥ የነበረባቸው የራሳቸው መዝገብ ስላልነበረ ነው። የሚቀጥለው ትውልድ ስለ ዛሬዎቹ መምህራን ሲጠይቅ ማስረጃው እዚሁ ጉቴ ይገኝ።